በፎቶ የተለካ መንገድ

እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም። ፎቶ ሳነሣ ግን ከሰው ይልቅ መኪና ይቀናኛል። ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያስነጥሰዋል፣ ቆይማ ኮሌታዬን ላስተካክል ይላል። መኪና የቆመችበት ትቆማለች። በደርግ ጊዜ ሸሕዲ ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዓመታት፣ ከሱዳን በመተማ በኩል የሚገቡትን አሮጌ ፒካፖች ለማንሣት ስንት ፊልም እንዳባከንሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አንዱ ፊልም አሥራ ሁለት ምስል ያወጣል፤ አሥሩን ሰው አነሣበትና ሁለቱን ለመኪና እሰርቃለሁ። ባለቤቴ የመኪና ፎቶ ማን ይገዛሃል እያለች ስትነጫነጭ ትውል ነበር። እውነቷን ነው፤ አንድም ሰው አልገዛኝም።

ዛሬ ልጆች በስልካቸው ሲያነሡ ሳይ ደሜ ይፈላል። አንዲቱን መኪና አርባ ጊዜ ያነሡና አንዱንም ተመልሰው አያዩትም። እኛ አንዷን ለማንሣት ፀሐይ እስክትዞር ግማሽ ቀን እንጠብቅ ነበር። አንሥተንም አላበቃንም፤ የቆላው ሙቀት ፊልሙን ሊያቀልጠው ይደርሳል። ማጠቢያውን መድኃኒት በጠርሙስ አድርጌ ዚር ውስጥ፣ ሱዳኖቹ ውኃ በሚያቀዘቅዙበት በዚያ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ እነክረው ነበር። ባለቤቴ የምንጠጣውን ውኃ መርዝ አደረግኸው ብላ አኮረፈችኝ፤ ሌላ ዚር እስክገዛ ድረስ እህል ውኃ እንጂ ቃል አልሰጠችኝም።

ፒካፕን ሱዳኖቹ ቦክሲ ይሏታል፣ እኛም ቦክሲ አልናት። ከቦክሲዎች ሁሉ ልቤ የሄደባት የሐጂ ነበረች። ሐጂ ከፎቶ ቤቴ ፊት ለፊት የጨርቅና የሳሙና ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል ጀለቢያቸው የማይቆሽሽ ሰው። መኪናቸው የእንግሊዝ ሥራ ነች፣ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። አፍንጫዋ ረጅም፣ መብራቶቿ ክብ፣ መሪዋም እንደ ድሮ የሱዳን መኪና በስተቀኝ ነው። አረንጓዴ ቀለሟን ፀሐይ መጦት የደረቀ የሎሚ ቅጠል መስሏል። ሐጂ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ያቆሟትና ጧት ማታ በጨርቅ ይወለውሏታል። ፊተኛው ወንበር ላይ ከባለቤታቸው በቀር ማንም አይቀመጥም፤ የገዛ ወንድማቸው እንኳ ከኋላ ጭነቱ ላይ ነበር የሚሳፈሩት። ማለዳ ማለዳ ሞተሯ ሲነሣ ሽማግሌ እንደሚስለው ትስል ነበር። ያ ድምፅ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ሰሊጡ ታጭዶ ኅዳር ሲጋመስ፣ ከደጋ የወረዱት የአጨዳ ሠራተኞች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ፎቶ ይነሣሉ። እንደ ሕግ ነበር። ወባ አልጨረሰኝም፣ እባብ አልነደፈኝም፣ ይኸው ሰው ሆኛለሁ ለማለት ነው። መነጽር ከኔ ይዋሳሉ፣ ሰዓትም ከኔ ይዋሳሉ። ሰዓቷ ከቆመች ዓመት አልፏት ስለነበር በሁሉም ሰው ፎቶ ላይ አራት ከሩብ ነው። ቀጥሎ የሚጠይቁት የሐጂን ቦክሲ ነው። ሐጂ መጀመሪያ ፈቀዱላቸው፤ አጠገቧ ቁሙ እንጂ እንዳትነኳት አሉ። ሠራተኞቹ ግን አጠገቧ መቆም ብቻ አይጥማቸውም። ክንዳቸውን ጣል ማድረግ አለባቸው፤ አለዚያማ የሰው መኪና መሆኗ ይታወቃል። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ አፍንጫዋ ላይ ተፈናጦ ቆየና ሲወርድ የጎን መስታወቷን ይዞ ወረደ። ሐጂ ከሱቃቸው ወጡ፣ መስታወቱን ከመሬት አነሡ፣ ጎረምሳውን ትተው እኔን አዩኝ።

«ኸላስ» አሉ። በቃ ማለታቸው ነው።

እኔ ደግሞ ምን ቆርጦኝ ልተው። ገበያው ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር፤ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ፊቱ ደርድሬ የሐጂን ቦክሲ በቆርቆሮ አሠራሁት። ርዝመቷ ክንድ ያህል ሆነች። ጎማዎቿ የጫማ ቀለም ክዳን፣ መብራቶቿ ቆርኪ፣ የፊት መስታወቷ ታጥቦ የነጣ ፊልም። ቀለሙን ራሴ ቀባሁት። ሳበቃ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ከትልቋ ይልቅ እሷ መኪና መሰለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኛ እየመለስሁ እሷን ብቻ ሳነሣ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ባለቤቴ ይኼ ሰው ለይቶለታል ብላ ወደ እናቷ መልእክት ላከች።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሣጥን ላይ አፈር አፈስስና የቆርቆሮዋን ቦክሲ ካሜራው አፍንጫ ሥር አቆማታለሁ። ሰውየውን አሥር አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እወስደዋለሁ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጠብበዋለሁ፤ ፀሐያችን ብርቱ ስለሆነች ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ይላል። ፎቶው ሲታጠብ ሰውየው ከመኪናዋ ጎን የቆመ ይመስላል። ችግሩ እጁ ነው። ባዶ አየር ላይ ክንዱን አሳርፎ እንደ ባለንብረት መቆም አለበት፤ እኔ በአንድ ዓይኔ እያጮለቅሁ ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ፣ አንተ ሰውዬ ክንድህ ጣሪያዋን በሳው እኮ እያልሁ እጮሃለሁ። ገበያተኛው ከቦ በሳቅ ይሞታል። ሐጂ ሳይቀሩ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ጢማቸው ሥር ፈገግ ይሉ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው እያልሁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ኅዳር የመሰለ ደስ ያለኝ ወር በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም።

ከነዚያ መሀል አንድ የእንፍራንዝ ሰው ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዓይናፋር፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ። ጓደኞቹ አጨዳው አልቆ ሲመለሱ እሱ ሽንፋ ላይ ማሽላ ሊያጭድ ቀረ፤ ስለዚህ በራሱ ፈንታ ፎቶውን ሊልክ ፈለገ። አቆምሁት፣ እጁን አስተካከልሁለት፣ ደኅና አድርጌ አነሣሁት። ፎቶው ጀርባ ላይ ጻፍልኝ አለኝ፤ ፊደል አይቆጥርም ነበር። ለእናቴና ለአባቴ፣ እኔ ደኅና ነኝ በልልኝ አለ። ብዕሩ እጄ ላይ ነው፣ አፌም አያርፍ፤ ይቺ መኪና የኔ ናት ልበልልህ ወይ አልሁት። ራሱን አከከ፣ ሳቀና ጻፈው አለኝ። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ የኔ ነው። እሱ በሕይወቱ አንድ ውሸት ዋሽቶ እንደሆነ እንኳ እጠራጠራለሁ። ከሥሩ የፎቶ ቤቴን ማኅተም መታሁበትና በአገሩ ልጅ እጅ ሄደ።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ መንገደኛ ፎቶ ቤቱን ጠይቆ መጣ። ለዚያ ለእንፍራንዙ ሰው የተላከ ደብዳቤ ይዟል፤ አድራሻው ያ ማኅተም ነው። ፊደል ለማይቆጥር ሰው የሚመጣ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ነበር የሚነበበው፣ መንገደኛውም ሰውየው እስኪመጣ አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ክፈተው አለኝ። ጽሑፉ የመንደራቸው ቄስ ነው፣ ቃሉ የአባትየው።

«እናትህ ከገና ወዲህ ሆዷ ተነፍቶ ተኝታለች። በቃሬዛ እናውርድሽ ብንላት፣ ልጄ መኪና እያለው እንደ ሬሳ በሰው ትከሻ አልሄድም ብላ እምቢ አለች። መኪናህን ይዘህ ድረስላት። ስለ መንገዱ አታስብ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልሁ። ሴትዮዋ ሐኪም ዘንድ እንዳይሄዱ ያስተኛቸው በሽታው ብቻ አይደለም፤ የኔ ቆርቆሮ ነው። የኔ ቀልድ ነው። መንገደኛው መኪናዋ የታለች ብሎ ዙሪያውን ሲያይ፣ መደርደሪያው ላይ የቆመችውን የቆርቆሮ ቦክሲ በጨርቅ ሸፈንኋት። አፍሬ ነው፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሐጂ ዘንድ ሄድሁና እውነቱን ተናገርሁ። ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ክንዳቸው ተዘርግቶ ቀረ። ደብዳቤውን አስነበቡኝ፣ ደግሜ አስነበቡኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እኛ ዘንድ ምስል የሠራ ሰው በፍርድ ቀን፣ በቂያማ፣ በል ነፍስ ዝራበት ይባላል ይላሉ። አንተ እስከ ቂያማም አልቆየህ። ዛሬውኑ ተጠየቅህ።»

እሳቸውም ወጥተው ከኒሙ ሥር የቆመችውን ቦክሲ ረጅም ጊዜ አዩዋት። የሚያስቡትን አውቃለሁ። ደጋ ወጥታ አታውቅም፣ አቀበቱ ሞተሯን ሊበላው ይችላል። ከዚያም የባሰ አለ፤ በዚያ ዘመን የምትንቀሳቀስ መኪና ትልቅ ከተማ ውስጥ ከታየች ለዘመቻ ተፈለገች ተብላ ከነቁልፏ ትወሰዳለች። አቤት ማለት የለም። ሐጂ ከሸሕዲና ከመተማ ውጭ የማይነዷት በዚህ ምክንያት ነበር። ለራሳቸው በዐረብኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፣ ሱቃቸውን ዘጉ፣ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ከጓዳ አውጥተው ጫኑ። እኔን ለበሽተኛ ማመላለሻ የሚል የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አምጣ ብለው ላኩኝ። እንዴት እንዳስጻፍሁት አትጠይቁኝ፤ የሊቀመንበሩን ልጆች ፎቶ ስንት ዓመት በነጻ አንሥቻለሁ።

መጀመሪያ ሽንፋ ሄድን። ሰውየው ማሽላው ውስጥ ሆኖ የቦክሲዋን ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ፣ እኔን ከላይዋ ሲያየኝ ማጭዱን ጥሎ መጣ። ነገርሁት። የእናቱን መታመም ሲሰማ አለቀሰ፤ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሲሰማ ግን ልቅሶውም ቆመ። በምን ዓይኔ ነው የማያቸው፣ ምን ብዬ ነው የምገባው እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ሐጂ ከመሪያቸው ሳይዞሩ ላይዋ ውጣ አሉት። እሱና እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ተቀመጥን።

ያን አቀበት አልረሳውም። ጭልጋ እስክንደርስ ራዲያተሯ አራት ጊዜ ፈላ፤ በየወንዙ ወርደን ውኃ እየቀዳን እናጠጣታለን። በየኬላው ወረቀት እናሳያለን። ጎንደርን በጓሮ በጓሮ ነው ያለፍናት፤ ሐጂ ወታደር ባዩ ቁጥር በላብ ይጠመቁ ነበር፣ በዚያ ብርድ። እኔ ክፉ ልማድ ሆኖብኝ ካሜራዬን ይዤ ነበር፤ ቦክሲዋ ያንን ደጋ ስትወጣ ማንሣት አማረኝ። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንፍራንዝን አለፍን። ሰውየው መገንጠያውን ሊያሳየን ቆሞ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው የምትወጣ የእግር መንገድ ናት፣ በቅሎም በግድ ነው የምታልፍባት ብሎናል። እንግዲህ መኪናዋን እዚያው አቁመን ወጥተን በቃሬዛ እናወርዳቸዋለን ብለን ተመካክረናል። መገንጠያው ጋ ስንደርስ ሰውየው የመኪናዋን ጣሪያ መታ፣ ሐጂ አቆሙ። ሰውየው ግን አልወረደም። አፉን ከፍቶ ያያል።

የእግር መንገድ የለም። በሱ ፈንታ ሰፊ፣ አዲስ፣ ቀይ አፈሩ ገና ያልደረቀ መንገድ ተራራውን ዞሮ ዞሮ ይወጣል። ድንጋዩ ግራና ቀኝ ተከምሯል፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሯል፣ ገደላ ገደሉ በድንጋይ ተሞልቷል። መንደሩ በሙሉ በደቦ ወጥቶ ሁለት ሳምንት የቆፈረው ነው። መግቢያው ላይ ጠባቂ አቁመው ኖሯል፤ ጠባቂው ቦክሲዋን ሲያይ ዞሮ ወደ ላይ ተጣራ፣ ከላይ ሌላው ተቀበለው፣ ከዚያም ሌላው፣ መጣ መጣ የሚለው ድምፅ ከጉብታ ጉብታ እየተቀባበለ ሄደ። አባትየው በደብዳቤው ስለ መንገዱ አታስብ ያሉት ይህን ነው።

ሰውየው ወርዶ ድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አልወጣም፣ ግደሉኝ እንጂ አልወጣም አለ። እኔም እውነቱን ለመናገር ከዚያ ጠፍቼ በእግሬ ቆላ ብወርድ ደስ ባለኝ። ሐጂ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። በወዲያ በኩል ዞረው ማንም የማይቀመጥበትን የፊተኛውን በር ከፈቱ።

«ተነሥ፣ እዚህ ግባ» አሉት። «እናትህ እስክትድን ድረስ መኪናዋ ያንተ ናት።»

ልብሱ የማሽላ ገለባ ነው፣ እግሩ አፈር ነው። እንደዚያው ሆኖ ገባ።

መንገዱ ለቦክሲዋ ከሚበቃት በላይ ሰፊ ነበር። በመታጠፊያዎቹ ላይ ሌላ መኪና ጎን ለጎን ይዞራል። ላይ ስንደርስ አባትየውን አገኘናቸው፤ አጭር ሽማግሌ፣ መዳፋቸው በድንጋይ ተላልጦ በጨርቅ የታሰረ። ልጃቸውን አቅፈው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩና፣ እንግዳ ሰው መንገዱን እንዲያደንቅላቸው ፈልገው ነው መሰለኝ፣ እንዴት እንደ ለኩት ነገሩኝ። መኪና ቀርበን አይተን አናውቅም አሉ። ስፋቷን ማን ይነግረናል። ግን የልጄን ቁመት አውቃለሁ፤ በፎቶው ላይ እሱን ለክተን መኪናዋን በሱ ለካናት።

ከካሜራው አፍንጫ ሥር የቆመ ነገር ከእውነቱ ገዝፎ ይወጣል። እኔም ደኅና ትመስል ብዬ ይበልጥ አስጠግቻት ነበር። እነዚያ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ሦስት ክንድ ትርፍ ቆፍረዋል፣ አለት ፈንቅለዋል፣ ሁሉም በኔ ቆርቆሮ ልክ። ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ቆመው ፈገግ እያሉ፣ እኔ የእጃቸውን መዳፍ ማየት አቃተኝ። ይቅር በሉኝ ልል አፌን ስከፍት ሐጂ ክንዴን ጨምቀው ያዙኝ።

ሕዝቡ መኪናዋን ከቧታል። አንዱ ሽማግሌ ሐጂን ከእግር እስከ ራሳቸው አይተው፣ በዚያ ነጭ ጀለቢያቸው ተገርመው ነው፣ እርስዎስ የልጃችን ምን ነዎት ብለው ጠየቁ።

«ሾፌሩ ነኝ» አሉ ሐጂ።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ልንገራችሁ፤ እናትየው ድነዋል። ጎንደር ሐኪም ቤት ወር ያህል ተኝተው በእግራቸው ወጡ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖሩ። ቦክሲዋም በደኅና ቆላ ተመለሰች። ልጁ እውነቱን ለአባቱ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ነገራቸው፤ ሽማግሌው፣ ለሷ ግን እንዳትነግራት አሉት። እኔም እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንሁ። ተነሥ ልጄ፣ መንገዱስ ለሌላም በሽተኛ ይሆናል አሉኝ።

እኔን ዛሬም ድረስ የሚያስለቅሰኝ ግን ከተራራው ስንወርድ የሰማሁት ነው። እናትየው ነጠላቸውን ተከናንበው ከፊተኛው ወንበር ላይ፣ በሐጂና በልጃቸው መሀል ተቀምጠዋል። አባትየውና እኔ ከኋላ ነን፤ የኋለኛው መስኮት መስታወት ስላልነበረው ሁሉም ይሰማናል። ሴትዮዋ በየድንጋዩ ያቃስታሉ። ሐጂ ጎማዋ ጠጠር እንዳይረግጥ እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ይነዳሉ። ትንሽ ከሄድን በኋላ እናትየው ወደ ሐጂ ዞር አሉ።

«ልጄ ያከብርዎታል?» ብለው ጠየቁ። «ሀብት ሲገኝ ሰው ይለወጣልና ብዬ ነው። በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ሐጂ ማርሹን ቀየሩ፣ መታጠፊያውን ቀስ ብለው ዞሩ።

«እንደ አባቱ ነው የሚያየኝ» አሉ።

«እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግሁት» አሉ እናትየው፣ ራሳቸውንም ልጃቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።